ማሽኑ ዝም ያለ ቀን

ታኅሣሥ 8 ቀን 2017፣ አሰላ

ዛሬ ችሎት ላይ ቃል ጉሮሮዬ ውስጥ ቀረ። ምስክሩ ስለ ድንበር ጠብ በአማርኛ ይናገራል፣ እኔ ከኋላ ከኋላው እየተከተልኩ ወደ ኦሮምኛ እመልሳለሁ። መሀል ላይ ሳል ያዘኝ፤ አለቅም አለኝ። ዳኛዋ "አዴ ሸዋዬ፣ ወጣ ብለው ውሃ ይጠጡ" አሉኝ።

ስመለስ ወንበሬ ላይ ጅብሪል ተቀምጧል። በአስተርጓሚነት ከተቀጠረ ገና ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ብድግ ብሎ "ከደከመዎት እኔ ልቀጥል" አለኝ። አልደከመኝም አልኩት።

እንቅርቱ ነው። ስንት ዓመት በሻርፕ ሸፍኜው ኖርኩ፤ አሁን ወደ ውስጥ መጫን ጀመረ። ትራስ ካልደራረብኩ መተኛት አልችልም። ባሌ እንደሻው ሲጠይቀኝ ጉንፋን ነው እለዋለሁ። ቀኑን ሙሉ በሮቤ መንገድ ሚኒባስ ሲነዳ ውሎ ለሚገባ ሰው ምን ብዬ ሸክም ልጨምርበት?

ፈርቼ አይደለም። ጊዜ አጥቼ እንጂ ድሮ እታይ ነበር።

ታኅሣሥ 14

ታየሁ። ሐኪሙ አሰግድ ይባላል። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ ቃል ቆጥቦ ነው የሚናገረው። እንቅርቱ በሁለቱም ወገን የመተንፈሻ ቧንቧዬን ይዞታል፤ ግራው ደግሞ ከደረት አጥንቴ ሥር መውረድ ጀምሯል። መውጣት አለበት አለ።

ከዚያ ያላሰብኩትን ነገረኝ። ድምፅ የሚያወጡትን ጅማቶች የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ነርቮች አሉ፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። ክር ያህል ናቸው። የሚያልፉትም በእንቅርቱ ጀርባ ተለጥፈው ነው።

ሆስፒታሉ በቅርቡ ለዚህ የሚሆን ማሽን አግኝቷል። በሰመመን ተኝቼ ሳለሁ ጉሮሮዬ ውስጥ የሚገባው ቱቦ ሽቦ አለው፤ ሽቦው የድምፅ ጅማቶቹን ይነካል። ሐኪሙ በቀጭን ዘንግ ነርቩን ሲነካው ጅማቱ ከተንቀሳቀሰ ማሽኑ ጢጥ ይላል። ካልተንቀሳቀሰ ዝም።

"እንግዲያው ማሽኑ ይጠብቅልኛል ማለት ነው" አልኩት።

"አይጠብቅም። ስጠይቀው ይመልስልኛል እንጂ። መጠንቀቁ የኔ ሥራ ነው።"

ሥራዬን ጠየቀኝ። የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ ስለው ከሚጽፈው ቀና ብሎ አየኝ። ያን አስተያየቱን አልወደድኩትም።

ታኅሣሥ 16

እናቴ ዲክሲስ ከታናሽ ወንድሜ ከሀብተ ማርያም ጋር ነው የምትኖረው። ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ እኔን የምታውቀኝ በድምፄ ነው። ከሥራ ስገባ እደውላለሁ፣ ሀብተ ማርያም ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያደርግላታል፣ እሷ ስለ ገብሱ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ወገቧ ታወራልኛለች። አንድም ማታ ዘልዬ አላውቅም።

"ዛሬ ድምፅሽ ከብዷል" አለችኝ።

ጉንፋን ነው አልኳት። ለሷም ያው ጉንፋን።

እንደሻው ይነገራት ይላል። ለማታይ አሮጊት የልጅሽ አንገት በቢላ ሊከፈት ነው ተብሎ ይነገራል ወይ? አልኩት። ደግሞም ይነገራት ሲለኝ፣ "አንተ መኪናህን ንዳ" አልኩት። ዝም አለ። እሱ እንደሆነ ሁሌም ዝም ነው።

እንዲያ ማለት አልነበረብኝም።

ታኅሣሥ 30

ገናን ዲክሲስ ውለን ተመለስን። እማዬ እንደ ልማዷ ፊቴን በእጇ ዳሰሰችኝ፤ ግንባሬን፣ ጉንጬን። ወደ አገጬ ስትወርድ እጇን ያዝ አድርጌ ሳምኩት። ሻርፑ ጋ አልደረሰችም።

ጥር ላይ ስብሰባና ሥልጠና ስላለብኝ እንደ ልቤ ላልደውል እችላለሁ አልኳት። "ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል" አለች። እንደሻው ወጥቶ የሚኒባሱን ጎማ ሲያይ ቆየ። ጎማው ምንም አልሆነም ነበር።

ጥር 7

ነገ ነው። ዶክተሩ ሁሉም ነገር ደህና ቢሆን እንኳ ለጥቂት ቀን ድምፄ እንደሚሻክር ነግሮኛል። ቱቦው ነው አለ።

መላ አገኘሁለት። በእንደሻው ስልክ ድምፄን ቀዳሁ። "እማዬ፣ እንደምን አመሸሽ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ስብሰባ ላይ ነኝና ነገ እደውላለሁ።" ሌላም፦ "እማዬ፣ ኔትወርኩ አስቸገረኝ፣ ደህና ነሽ አይደል? ወገብሽን ቅባቱን ተቀቢ።" ሌላም ጨመርኩ። እንደሻው ወደ ሀብተ ማርያም ስልክ ሲደውል አንዱን ከፍቶ ያሰማታል፣ አለቀ።

እንደሻው ስልኩን እንደ ጋለ ብረት ነው የያዘው። "ይሄ ነገር ደስ አላለኝም" አለ።

ደስ እንዲልህ አይደለም አልኩት።

ጥር 8፣ ጠዋት

ተራዬ ደርሷል። ነርሷ ፈይሩዛ የጣት ቀለበቴን አስወለቀችኝ። ሻርፑን ለእንደሻው ሰጠሁት። ሊናገር ፈልጎ ነበር፣ አልጋው ተገፋ።

አልፈራሁም።

ጥር 9

ድምፅ የለም። አየር ብቻ።

ትናንት ስነቃ ከመጋረጃው ወዲያ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። "ማሽኑ ዝም አለበት።" "በየት?" "በቀኝ።" ከዚያ ሰመመኑ መልሶ ወሰደኝ። ሕልም መስሎኝ ነበር።

ዛሬ አንገቴን ነካሁ። ፋሻ አለ። ከፋሻው በታች፣ በግራ በኩል፣ እንቅርቱ አለ። አላወጣውም።

ፈይሩዛን በእጄ ጠየቅኳት። "ዶክተር ራሱ ይነግርዎታል" አለች። ዓይኔን ሳታይ።

ጥር 10

መጣ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

የቀኙ ትልቁ ነበር፣ ከእሱ ጀመረ። ነርቩን አገኘው፣ ነካው፣ ማሽኑ ጢጥ አለ። የቀኙን እንቅርት አንስቶ ሲጨርስ ደግሞ ነካው። ዝም። ቱቦው ተንቀሳቅሶ እንደሆነ አስፈተሸ፣ ሽቦውን አየ፣ ጠበቀ፣ እንደገና ነካው። ዝም። ነርቩ አልተቆረጠም፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ አለ። ሲጎተት ተለጥጦ ደንግጧል። ሊመለስ ይችላል፤ መቼ እንደሆነ አያውቅም። ላይመለስም ይችላል።

ስለዚህ ግራውን ሳይነካ ሰፋኝ።

ወረቀት ላይ "ማን ግማሽ ሥራ ሥራ አለህ?" ብዬ ጻፍኩለት። እርስዎ አላልኩትም።

አነበበው። "ግራውም ዝም ቢል ኖሮ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ሁለቱ ጅማቶች ይገጥሙና አየር ይዘጉብዎት ነበር። ጉሮሮዎን ቀድጄ በቀዳዳ ነበር የሚተነፍሱት። እሱን አልፈለግኩም።"

ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። እሱም ወንበሩን ወደ ቦታው መልሶ ሄደ።

ጥር 11

ጥምቀት። ታቦት ሲመለስ ሆታው እስከ ክፍሉ ድረስ ይሰማል። አጠገቤ የተኛችው ሴት እልል አለች። እኔም አፌን ከፈትኩ።

ምንም።

ጥር 15

ቤት ገብቻለሁ። ውሃ እንኳ በወጉ አልጠጣም፤ አገጬን ደረቴ ላይ ካላስጠጋሁ ትን ይለኛል። ትንፋሼ ግን ቀሎኛል። ትናንት በአንድ ትራስ ተኛሁ። ይሄን ለእንደሻው አልነገርኩትም፤ ዶክተሩን ያመሰገንኩ ይመስላል።

ማታ እንደሻው ለእማዬ የተቀዳውን አሰማት። እኔ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። "እማዬ፣ እንደምን አመሸሽ…" የገዛ ድምፄ ነው፣ ጥርት ያለ፣ ትንሽም የሚያዝዝ። እንዲህ ነበርኩ?

"መቼ ትመጪያለሽ?" አለች እማዬ። ስልኩ ዝም። እንደሻው ቶሎ ዘጋው።

ጥር 19

ጅብሪል ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። መዝገቦቼን እሱ እየሠራ ነው። አብራው የመጣችው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሄለን ስትወጣ በረንዳ ላይ ለእንደሻው፣ "ድምፅ ከሌላት ወደ ፋይል ክፍል ያዛውሯታል ይባላል፤ ቦታውን ልጁ ይይዛል" ስትለው ሰማሁ። ድምፄ ነው የጠፋው፣ ጆሮዬ አልጠፋ።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄው ነው።

ብርቱካኑን አልበላሁትም። ልጁ ምን በደለኝ? ነገ እበላለሁ።

ጥር 22

ዛሬ ማታ እማዬ ሀብተ ማርያምን ወደ ውጭ ላከችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ሸዋ፣ ይኼ ወንድምሽ የጎረቤታችንን የጅብሳን ልጅ ላግባ ብሎኛል። እሺ ልበለው? ካንቺ ሌላ የማማክረው የለኝም" አለች።

እንደሻው አየኝ። ምን ያድርግ? ሌላውን ቅጂ ከፈተው። "እማዬ፣ ኔትወርኩ አስቸገረኝ፣ ደህና ነሽ አይደል? ወገብሽን ቅባቱን ተቀቢ።"

እማዬ ምንም አላለችም። ቆየች። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። የዘጋችው እሷ ናት፤ ቁልፉን በዳበሳ ፈልጋ።

እንደሻው ወጣ። በመስኮት አየሁት፤ የቆመው ሚኒባሱ ውስጥ መሪውን ይዞ ተቀምጧል።

ጥር 25

ሀብተ ማርያም ደወለ። እማዬ ጥቁር አምጡልኝ ብላ ለብሳለች። መሬት ወርዳ ተቀምጣለች። እህል አልቀምስም ብላለች። ጎረቤቱ ተሰብስቧል።

ሞታለች አለች። ሸዋ ሞታለች፣ መርዶውን ደብቃችሁኛል፣ የሙት ድምፅ ነው የምታሰሙኝ፤ ስጠይቃት አትመልስልኝም። አባታችሁ አቦምሳ ላይ ሲሞትም መኪና ተበላሽቶበት ነው ብላችሁ ሳምንት አቆያችሁኝ፤ ዛሬም ያው ናችሁ።

ሀብተ ማርያም እያለቀሰ ነው ያወራው። እኔ ደግሞ አጽናናው ዘንድ ድምፅ የለኝ።

ነገ በጠዋት እንሄዳለን። እንደሻው ሳልነግረው ነዳጅ ሊሞላ ወጣ።

ጥር 26

ስደርስ ግቢው ሙሉ ሰው ነው። ያዩኝ ሴቶች አንዳንዶቹ አማተቡ። አንዷ ቀሚሴን ነካ አደረገችኝ።

እማዬ ጨርቅ ላይ ተቀምጣለች፣ ራሷን በጥቁር ጠምጥማ። ተንበረከክኩ። "እማዬ" አልኩ። ሹክሹክታ ነው የወጣኝ፣ ሻካራ፣ የሽማግሌ ድምፅ የመሰለ።

ፊቷን ወደኔ አዞረች። "ማናት ይቺ?"

ሀብተ ማርያም ሸዋ ናት እኮ አላት። "አይደለችም። ማንን አመጣችሁልኝ?"

እንደሻው ከኋላዬ ቆሞ፣ "እማማ፣ በእግዜር፣ እሷ ናት፤ ታማ ነው" አላት።

"አንተን አላምንህም" አለችው። "የልጄን ድምፅ በዕቃ ይዘህ የዞርከው አንተ ነህ።"

እጇን ይዤ ፊቴ ላይ አደረግኩት። ግንባሬን ነካች፤ ጉንጬን ነካች። ከሳ ብያለሁ። እጇን ሰበሰበች። ሥራዬ ሰውን ከሰው ማስማማት ነው፤ የሁለት ቋንቋ ሰዎች በእኔ አፍ ይግባባሉ። ዛሬ እኔ ራሴ መሆኔን የማስረዳበት አጣሁ።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ተናደድኩ። ጆሮዋ ሥር ተጠጋሁና ባለኝ ትንፋሽ ሁሉ፣ "ደግሞስ የጅብሳን ልጅ ያግባ ወይ ብለሽ እኔን ትጠይቂኛለሽ? መጀመሪያ ልጅቷ ትጠየቅ። እሱን እሺ የምትል ምን ታይቷት ነው?" አልኳት።

ሀብተ ማርያም እንደ ፍም ቀላ።

እማዬ ወደ እኔ ቀና አለች። "ድምፁ የሌላ ሰው ነው" አለች። "ምላሱ ግን የሷ ነው።"

ከዚያ ያዘችኝ። እጇ አንገቴ ላይ ወረደ፤ ጠባሳውን አገኘው፣ በጣቷ ጫፍ ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት። በግራ በኩል ያለውንም አገኘችው። ምንም አልሸፈንኩም። ክንዴን ቆነጠጠችኝ፣ እንደ ልጅነቴ፣ እስኪያመኝ። "ሳትሞቺ አስለቀስሽኝ" አለች። "በቁሜ ቀበርሽኝ።"

ሁሉንም ነገርኳት። እየተንሾካሾኩ፣ ውሃ እየጠጣሁ፣ ትን እያለኝ። ማሽኑን፣ ነርቩን፣ ዝም ማለቱን፣ ያልወጣውን ግራ። ሰዎቹ ለለቅሶ ያመጡትን እህል በልተው ተበተኑ።

የካቲት 6

በየማታው እደውላለሁ። ጥቂት ቃል ነው የማወጣው። እማዬ ቀሪውን ትሞላዋለች። "ዛሬ ካለፈው ይሻላል" ትለኛለች። ይሻላል? ለእኔ ያው ነው።

ፋይል ክፍል ስለ መዛወሬ የነገረኝ የለም። ያልነገሩኝ ተወስኖ ስላለቀ ይሆናል።

የካቲት 28

ዶክተሩ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዬ አስገብቶ አየ። "ኢ" ይበሉ አለኝ። አልኩ። ደገመ፣ ደገምኩ። ስክሪኑን ወደኔ አዞረልኝ። የቀኙ ጅማት እንደ ሰነፍ በር ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል። ግን ይንቀሳቀሳል።

ሐኪሙ ሳቀ። ሲስቅ ልጅ ይመስላል። እኔ አልሳቅኩም፤ ብስቅ የማለቅስ መሰለኝ።

ግራው ደግሞ መውጣት አለበት፣ እየወረደ ነው። ያው ነርቭ፣ ያው ማሽን። እንደገና? አሁን መመለስ የጀመረውን ይዤ?

አስብበታለሁ አልኩት።

መጋቢት 12

አላሰብኩበትም። ጾም፣ የሀብተ ማርያም ሽምግልና እያልኩ አሳለፍኩት። ማታ ትራሱን ደራርቤ ስተኛ እንደሻው አይቶኛል። በማግስቱ ሳልልከው ዲክሲስ ሄዶ እማዬን ይዟት መጣ።

መጋቢት 14

እማዬ ሐኪሙን ካላነጋገርኩ አለች። እንደሻው ደግፏት ገባች፤ እኔ ዳር ተቀመጥኩ።

"ልጄ፣ ያ ማሽን ዝም ሲል አንተ ምን አደረግክ?" አለችው።

"አቆምኩ፣ እማማ።"

"ብትጨርሰው ማን ያይህ ነበር?"

"ማንም" አለ።

"አሁንስ ዝም ቢል?"

"አሁንም አቆማለሁ።"

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ካለሁበት ትንሽ ወደ ቀኝ ነው የዞረችው። "ፈርተሽ እንደሆነ ፈርቻለሁ በይ። ፈርተሽም ትገቢያለሽ። እኔ በር ላይ ነኝ" አለች።

ፈርቻለሁ አልኩ። ሦስቱም ሰሙኝ።

መጋቢት 26

ትናንት ተሠራ። ስነቃ የፈይሩዛ ፊት ነው ከላዬ ያለው። "እስከ መጨረሻው ጮኸ" አለችኝ። "እስኪሰለቸን ጮኸ።"

ጉሮሮዬ ይቆጠቁጠኛል። ድምፅ ግን አለ፣ ወፍራም፣ የተሰነጠቀ። ዶክተሩ ሲመጣ ባለፈው የጻፍኩለትን ይቅርታ ልጠይቀው ጀመርኩ። አልጨረስኩም፤ እሱም "ይረፉ" ብሎኝ ወጣ። ሌላ ቀን በደንብ እለዋለሁ።

እማዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ከጎኗ ላለችው አስታማሚ ስለ እኔ ታወራለች። ግማሹ ውሸት ነው። አላረምኳትም።

ሚያዝያ 20

ወደ ችሎት ተመለስኩ። ድምፄ የድሮው አይደለም፤ ከፍ ሲል ይሰበራል፣ ከሰዓት በኋላም ይደክማል። ዳኛዋ ጠዋቱን ለኔ፣ ከሰዓቱን ለጅብሪል አከፋፈሉን። ስጨርስ ጅብሪል ወንበሩን ሲረከበኝ ውሃዬን ይዞልኝ መጣ። አመሰገንኩት። ከልቤ ነው።

ማታ ምንም አልቀረልኝም፤ ራት ላይ በምልክት ነበር የማወራው። እንደሻው እንዴት ዋልሽ አለኝ፤ እጄን አወዛወዝኩ። እንጀራ ቆረሰና፣ ሳልጠይቀው፣ ስለዚያ ቀን ይነግረኝ ጀመር።

መጀመሪያ በተሠራሁበት ቀን ሐኪሙ ከነጓንቱ ወጥቶ ጠርቶት ነበር። የቀኙ ዝም ብሎብኛል፣ ግራውን ብቀጥል ይህ አለ፣ ባቆም ይህ አለ፣ እኔ ማቆም ነው የማስበው፣ እርስዎ ምን ይላሉ ብሎታል። እንደሻው ሻርፔን ይዞ ቆሟል።

"ድምፅዋን ተወውና ትንፋሿን ስጠኝ አልኩት" አለኝ። "ያን ካልኩ በኋላ ድምፅሽን ሸጥኩት ብዬ እንቅልፍ አልወሰደኝም።"

እጁን ያዝኩት። ባለኝ ድምፅ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርከኝም? አልኩት።

ወጡን ወደኔ ገፋ አደረገው።

"ድምፅ ሲኖርሽ መች አፍ ታስከፍቺኛለሽ" አለ። "ሲጠፋ ደግሞ ተናደሽ ነበር።"